ከገበያ እስከ ገበያ

ሜይ 12
ዛሬ ፓሂንግ ነው፣ የገበያችን ቀን። ባለቤቴ ዋርሲኒ የአኩሪ አተር ቴምፔዋን በጠዋት ሸጣ ጨረሰች። እኔ ለዶሮዎቹ በቆሎ ገዛሁ። ጓደኛዬ ካስሚን እንደልማዱ የቀርከሃ ቅርጫቶቹን ደርድሮ ተቀምጧል። ከወረዳ የመጣለትን ደብዳቤ አነበብኩለት። «አንተ መምህር፣ ቀድመኸኝ እንዳትሞት፤ ማን ያነብልኛል?» ሳቅን።

ሜይ 19
ምን ጉድ ነው? ጠዋት ስነሳ ጣቶቼ አልታጠፍ አሉ። የሁለቱም እጆቼ! አብጠዋል፣ ይፋጃሉ። ትናንት ደህና አልነበርኩ እንዴ? ክንዴም ከትከሻ በላይ አልነሳ አለ። የሸሚዜን ቁልፍ ዋርሲኒ ቆለፈችልኝ። «በስልሳ ስምንት ዓመትህ ሙሽራ ሆንክ» ብላ ሳቀች። ልስቅ ሞከርኩ... እንባዬ መጣ።

ጁን 4
አልለቀቀኝም። ብዕር መያዝ ራሱ...

ጁን 25
የከተማው ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ጣቶቼን አንድ በአንድ ጫን ጫን እያደረገች አየች። የደም ምርመራውም ደረሰ። ሩማቶይድ ነው አለች፤ ሰውነት የገዛ መገጣጠሚያውን የሚያጠቃበት በሽታ።
«በዚህ ዕድሜ ይጀምራል እንዴ?»
«ይጀምራል አባባ። እንዲህ ድንገት ነው የሚመጣው።»
የገዛ ሰውነቴ? እኔን? ምን በደልኩት?
ክኒኑ ሜቶትሬክሴት ይባላል። አራት ፍሬ፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ። ከዚያ ካለፈ መርዝ ነው። ነርሷ ከሌላ ደሴት የመጣች ናት። «የማይረሱት ቀን ይምረጡ፣ የገበያ ቀን ያድርጉት» አለችኝ። የገበያ ቀንማ እንዴት ይረሳል!

ጁን 26
ገበያ። ዋጥኩ።

ጁላይ 1
ገበያ። ዋጥኩ። ምንም ለውጥ የለም።

ጁላይ 6
ዋጥኩ። አቅለሸለሸኝ።

ጁላይ 31
ቁልፌን ራሴ ቆለፍኩ! አምስቱንም! ዋርሲኒን ጠርቼ አሳየኋት። «ሥራ ቀለለልኝ» ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ። እያለቀሰች ነበር።
ገበያ ላይ ካስሚን እጄን ይዞ አገላብጦ አየው። ለካ የእሱም ጣቶች ካበጡ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ደብቆን ነው። «አንተን ያዳነችህ ሐኪም ጋ ውሰደኝ» አለ። ቅርጫት መጎንጎኑን ካቆመ ምን ይሠራል?

ኦገስት 4
ወሰድኩት። ያው በሽታ፣ ያው ክኒን። ወረቀቱን አነበብኩለት።
«መቼ መቼ ነው የምውጠው?»
«ገበያ በመጣህ ቁጥር።»
«ይሄማ ለኔም አይጠፋኝም» አለ።

ኦገስት 25
አፌ ውስጥ ቆሳሰለ። ሩዝ እንኳ ያቃጥለኛል። ቃሪያው ይሆን?

ኦገስት 29
ሐኪሟ የደሜን ውጤት አይታ ፊቷ ተለወጠ። ነጭ የደም ሴሌ ወርዷል።
«አባባ፣ በስንት ቀንዎ ነው የሚውጡት?»
«በሳምንቱ። በገበያ ቀን።»
«ገበያችሁ በስንት ቀኑ ነው?»
«በየአም...»
አልጨረስኩትም። በየአምስት ቀኑ! እኛ ጃቫዎች ሁለት ዓይነት ሳምንት አለን፤ የመንግሥቱ ሰባት ቀን፣ የገበያው አምስት። ነርሷ በሰባቱ አሰበች፣ እኔ በአምስቱ ዋጥኩ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሂሳብ ያስተማርኩ ሰው! ክኒኑን አስቆመችኝ፣ ማርከሻ ሰጠችኝ። ወጥቼ አውቶቡስ ላይ ስቀመጥ ነው ትዝ ያለኝ... ካስሚን!

ኦገስት 30
ገበያ። ክኒኑን ሳይውጥ ልደርስበት በጠዋት ወጣሁ፤ የካስሚን ቦታ ባዶ ነው። የጎረቤቱ ሻጭ ነገረችኝ፤ ሦስት ቀን ትኩሳት ሲያንቀጠቅጠው ሰንብቶ ትናንት ማታ ሆስፒታል አስገቡት። ኩላሊቱም ደካማ ነው አሉ። እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የገደልኩት!

ሴፕቴምበር 3
ካስሚን አልሞተም። ትኩሳቱ ወርዷል። አፉ ቆስሎ በቱቦ ነው የሚመገበው። እኔ ራስጌው ቆሜያለሁ፤ ልነግረው አፌን ስከፍት የክፍሉ ሐኪም ገባ። ይሄኛው ሌላ ነው፣ አያውቀኝም፤ የቀረውን ክኒን ቆጥሯል።
«በየአምስት ቀኑ ይዋጡ ያለዎት ማነው?»
ካስሚን አየኝ። ከጥያቄው ሁሉም ገባው። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞረ።
«ማንም አላለኝም ልጄ። ፊደል ያልቆጠርኩ ሰው ነኝ፣ ተሳሳትኩ።»
ሐኪሙ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና እንደ ሕፃን አስቆጠረው። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ... ካስሚን በዚያ በቆሰለ አፉ እየተከተለ ሰባቱንም ጨረሰ። «ጎበዝ» አለው።
እኔ ዝም አልኩ። ሐኪሙ እስኪወጣ ድረስ ዝም አልኩ።