ከወርካው ሥር የተደበቀው ምሳ ዕቃ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8፤ ጠዋት 1፡20

ብሩክ ጫማውን እያሰረ ነው። ጢሙን ተላጭቷል። ሽቶም አለ። ደብተሬ፣ እስቲ አንቺ ፍረጂ፤ ሣርና ድንጋይ ሊያይ ለሚሄድ ባል ሽቶ ምን ያደርግለታል?

ጂኦካሺንግ ይሉታል። አንዱ ሜዳ ላይ ዕቃ ይደብቅና ቦታውን ስልክ ላይ ይጭናል። ሌላው በስልኩ እየተመራ ሄዶ ይፈልጋል። ሲያገኝ ውስጡ ባለው ወረቀት ላይ ስሙን ጽፎ መልሶ ይደብቃል። አለቀ። የትልልቅ ሰው ድብብቆሽ። ያስተማረችው ሄለን ናት፣ ቃሊቲ መጋዘኑ ውስጥ አብራው የምትሠራው። እነሱም አንድ ምሳ ዕቃ ደብቀዋል፤ እዚሁ ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ ሽምብራ እርሻ ዳር ካለው ወርካ ሥር። በየቅዳሜው ደህንነቱን ለማየት ይሄዳሉ። እኔ የወረዳ ጽዳት ተቆጣጣሪ ነኝ፤ ቅዳሜ አላርፍም። ይህን ሄለንም ታውቃለች።

ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ። ሄድኩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9፤ ከሰዓት

ተጣላን። ቀናሁ እንዳልል በሥራዬ በኩል ገባሁበት። ሜዳ ላይ ጥለውት የሚሄዱት ፕላስቲክ ቆሻሻ ነው አልኩት። ቆሻሻ ባለቤት የለውም፣ የኛ ግን ስማችን አለበት፣ እየሄድን እናየዋለን አለ። አቃቂ ወንዝ ያን ሁሉ የውሃ ፕላስቲክ ይዞ ሲወርድ አንዲት ምሳ ዕቃ ታየችሽ ወይ አለኝ። እውነቱን ነው። ተነሥቼ ሰሃን አንኳኳሁ።

ደግሞ ሲሄዱ ፌስታል ይዘው በየመንገዱ የወደቀውን ይለቅማሉ። ሐሳቡ የሄለን ነው። ቆሻሻ መልቀምም በእሷ አማረ! እኔ ዓመቱን ሙሉ ቆሻሻ ሳስነሣ ስውል አንድ ቀን ጎበዝ ብሎኝ አያውቅም።

«የኛ» አለ። የማን?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12፤ ከሥራ መልስ

ሄድኩ። ቦታውን ከስልኩ ሰርቄ አይቼ ነበር። ነውር ነው፣ አውቃለሁ።

መጀመሪያ ያየሁት መንገዱን ነው። ሽምብራው መሃል ቀጭን መንገድ ተረግጦ ቀጥ ብሎ ወርካው ጋ ይደርሳል። የሁለት ሰው እግር ብቻ አይደለም፤ ስልኩ የላከው ሁሉ በዚያው ነው የሚያልፈው። ወርካው ሥር ድንጋዮች ተገልብጠዋል፣ አፈሩ ተጭሯል፣ ልጡ በአንድ በኩል ተልጧል። ለሽምብራው አላዘንኩም። ልክ በመሆኔ ደስ አለኝ።

ምሳ ዕቃውን አገኘሁት። ውስጡ በክር የታሰረ ጥቅል ወረቀት። ከላይ፣ በሴት እጅ ጽሕፈት፣ ብሩክ እና ሄለን፣ ከነአባታቸው ስም። ጎኑ አበባ ሥላለች። ከሥር ሌሎች ስሞች ነበሩ፤ አላነበብኳቸውም።

መልሼ አልደበቅኩትም። ቢሮም አልወሰድኩትም። እርሻው አጠገብ ወዳለው ቦይ ወረወርኩት። የጽዳት ሰደርያዬን እንደለበስኩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14፤ 10 ሰዓት

ኦቦ ቶሎሳ ወረዳ መጡ። የእርሻው ባለቤት ናቸው፤ እዚህ ሕንፃ ሳይኖር ጀምሮ የኖሩ ሽማግሌ። ምሳ ዕቃውን በእጃቸው አልነኩትም፤ በፌስታል አድርገው በእንጨት ጫፍ አንጠልጥለው አመጡት። ከብቶቻቸው ከሚጠጡበት ቦይ ነው ያገኙት። በክር የታሰረ ወረቀት፣ የሰው ስም በተርታ፣ ወርካው ሥርም የተጫረ አፈር። መተት ነው አሉ። ማን አይልም? ባላውቅ እኔም እል ነበር። አንዷ ላማቸው ከትናንት ጀምሮ ወተት ከልክላለች።

ጸሐፊዋ ስሞቹን ጮክ ብላ አነበበች። ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። አጠገቤ የምትቀመጠው አስቴር አቀፈችኝ፤ ይቺ ሴት ባልሽን አስደግማበታለች፣ በየቅዳሜው የሚጠፋው ለዚህ ነው አለችኝ። ጨዋታ ነው፣ ቦይ የጣልኩትም እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ትከሻዋ ላይ ተደገፍኩ። ደብተሬ፣ ላንቺ አልዋሽም፣ ጣፈጠኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15፤ ምሳ ሰዓት

ትናንት ማታ ለብሩክ ነገርኩት፤ የኔን ክፍል ዘልዬ። ዛሬ ፈቃድ ጠይቄ ከሄለን ጋር ሦስታችንም ኦቦ ቶሎሳ ቤት ሄድን። ብሩክ ስልኩን እያሳየ አስረዳቸው። ገባቸው። ትንሽ ሳቁም። ከዚያ ስልኩን መለሱለትና፦

«መተት ካልሆነ ጥሩ። ግን ልጄ፣ እኔ ቤትህ ገብቼ አልጋህ ሥር ዕቃ ብደብቅ፣ አገሩን ሁሉ ጠርቼ ፈልጉ ብል፣ ጨዋታ ነው ብልህ ትስቃለህ?»

ብሩክ አንገቱን ደፋ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሁለተኛ አይለምደንም አለ። ሄለን አለቀሰች። ድንጋይ ጭነንበት ነበር፣ ቦይ ውስጥ ማን ጣለው ትላለች። ብሩክ ውሃ ወስዶት ይሆናል አላት። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ምን ጎርፍ አለ? እኔ መሬት መሬት አያለሁ። እንባዋን እንድትጠርግ መሀረቡን ሰጣት። እኔ የተኮስኩትን።

እሑድ፣ ጥቅምት 16፤ ረፋድ 4 ሰዓት

ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ወሬው ከቢሯችን ወጥቶ አቃቂ ደርሷል። የሄለን እናትም እኔ የማስቀድስበት ቤተ ክርስቲያን ነው የሚያስቀድሱት። ሴቶቹ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ከአጠገባቸው ፈቀቅ ሲሉ በዓይኔ አየሁ። ብቻቸውን ቆሙ። ምን እንዳጠፉ አያውቁም።

ሄለን በሩ ጋ ያዘችኝ። አንቺ የወረዳ ሰው ነሽ፣ ይሰሙሻል፣ ጨዋታ መሆኑን ንገሪልኝ ብላ ለመነችኝ። እሺ አልኳት። እሺ ብቻ።

ብሩክን ትወደዋለች? አላውቅም። አሁንም እቀናለሁ። እሱ ሌላ ጠብ ነው። እናቷ ግን ምን አደረጉኝ?

ወርካው ሥር ሳለ ቆሻሻ ነበር ወይስ አልነበረም፣ ገና እንከራከራለን። ሽምብራ አስረግጧል፣ ስለዚህ ከእንግዲህ እዚያ አይቀመጥም፣ ይህ አለቀ። ቦዩ ውስጥ ግን ቆሻሻ ነበር። እዚያ የጣልኩት እኔ ነኝ።

ወስኛለሁ፤ እናገራለሁ። ነገ 2፡30 ቢሮ፣ አስቴርም ጸሐፊዋም ባሉበት። ከዚያ ኦቦ ቶሎሳ። ከዚያ የሄለን እናት፤ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ። ከሁሉም በፊት ብሩክ። አሁን ሳሎን ሆኖ በስልክ እያወራ ነው። ከሄለን ጋር። አይዞሽ፣ አይዞሽ ይላታል። ሲጨርስ እነግረዋለሁ።

አይ። ሳይዘጋው ልግባ። እሷም ትስማ።