የፊትሽ ቀለምና ሦስቱ ፊልሞችሽ

እታለሜ ሰናይት፣

ከተለየሽን አሥራ አንድ ወር ሆነ። እስካሁን አንድ መስመር አልጻፍኩልሽም፤ እስክሪብቶ አነሳና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ብዙ ነገር ያስጠላኛል፤ ከሁሉ በላይ ግን ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው፣ ሰናይት ናት የሚሉት ፎቶ።

አላየሽውምና ልንገርሽ። ከመታወቂያሽ ላይ አንስተው እዚህ ሰበታ አንድ ፎቶ ቤት አሠሩት። ፊትሽን እንደ ዱቄት አነጡት። ጉንጭሽ ላይ ያለችውን ጠባሳ አጠፏት። አድርገሽው የማታውቂውን የወርቅ ጉትቻ ሰኩብሽ፤ ከኋላሽ ሰማይና እርግብ ለጠፉ። ስንቱን ሙሽራ ያነሳሽ፣ «ሰውን ኖራ አትቀቡት» እያልሽ ከስንት ፎቶ ቤት ጋር የተጣላሽ ልጅ! ድንኳኑ ውስጥ ለቀስተኛው እያለፈ «ውይ፣ ስታምር!» ይል ነበር። ተነስቼ ወጣሁ።

እቤት ብዙ አልተለወጠም። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ገብቻለሁ። አልጋሽ ላይ እተኛለሁ። ፍሪጅ ውስጥ የካሜራ ፊልም የምታስቀምጪባት የምሳ ዕቃ እዚያው ናት፤ እማዬ ሌላ ነገር አትከትባትም።

ስለ ሦስቱ ፊልሞች ነው የምነግርሽ። አንዱን ራስሽ ከመርካቶ ገዛሽው፣ አንዱን ጓደኛሽ ከዱባይ አመጣችልሽ፣ አንዱን የአክስታችን ልጅ ከጀርመን ላከችልሽ። የዱባዩና የጀርመኑ ስማቸውም ካርቶናቸውም ይለያያል፤ ፎቶ አንሺ ጓደኞችሽ ግን «ውስጡ ያው ነው፤ ለየገበያው ልብስ ቀይረውለት ነው» አሉሽ። አንቺ ሳታዪ አታምኚም። የመርካቶው ካርቶን ላይ የተለጠፈውን ቀን በጥፍርሽ ስትፍቂው ከሥሩ ሌላ ቀን ወጣ፤ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። «ሌላው አገር የጣለውን ነው አዲስ ብለው የሚሸጡልን» ብለሽ ካርቶኑን ወረወርሽው። ፊልሙን ግን «ይሁን፣ እሱም ይፈተን» አልሽ።

ሦስት ቅዳሜ አብሬሽ ዞርኩ። በየቅዳሜው አንድ ፊልም፤ ካሜራው ያው፣ ሰዓቱ ያው፣ ቦታው ያው። ጠዋት ሰበታ አጥራችን ሥር ፊትሽን፣ ከዚያ ቡራዩ ቀዩን አፈር፣ ከሰዓት ሱሉልታ ሣሩን። ከብት የሚጠብቁት ኦቦ ቶሎሳ በሦስተኛው ቅዳሜ ሲያዩን «አካም ጅርታ ልጄ? ሣሩ እኮ ያው ሣር ነው፤ ላሞቼ እንኳ ሰልችቷቸዋል» ብለው ሳቁብሽ። አንቺም ሣር ላይ ተቀምጠሽ እስኪያምሽ ሳቅሽ። አጥሩ ሥር ስንሆን ካሜራውን ለእኔ ሰጥተሽ አንቺ ትቆሚያለሽ። እኔ ቀላ ስለምል አልሆንኩሽም። «ፊልም የሚፈተነው በእኔ ፊት ነው» ትይ ነበር።

ሦስቱም ሳይታጠቡ ታመምሽ።

በቀብርሽ ጠዋት ለድንኳኑ የሚሆን ፎቶ ሲፈለግ፣ አጎታችን ጋሽ ታደሰ የምሳ ዕቃውን አገኙት። «ይኸው፣ ፎቶዋ እዚህ ውስጥ አለ!» አሉ። የጀርመኑን አነሱ፤ ክዳኑን በቢላ ፈልቅቀው ግቢው መሃል፣ ፀሐይ ላይ፣ ፊልሙን እስከ መጨረሻው ጎትተው ዘረጉት። ወደ ሰማይ ይዘው አዩት። «ባዶ ነው፤ ምንም የለበትም።» ጎረቤቱም አንገቱን እያሰገገ «እውነትም ባዶ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ መታወቂያሽ የሄዱት።

እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ያልታጠበ ፊልም ብርሃን ካገኘው እንደሚጠፋ አንቺው አስተምረሽኛል። ክዳኑን ሲፈለቅቁ አውቄያለሁ፤ ግን ትልቅ ሰው በለቅሶ ቤት እንዴት ይታረማል ብዬ ዝም አልኩ። የቀሩትን ሁለቱን ኪሴ ከተትኩ፤ ይኸው ነው ያደረግኩልሽ። ከነጣው ፎቶ ይልቅ ያ ዝምታዬ ያስጠላኛል።

ባለፈው ወር አዲስ አበባ አሁንም ፊልም የሚያጥቡ አንድ አዛውንት አገኘሁና ሁለቱን ሰጠኋቸው። የመርካቶው ጭጋግ ወርሶት ወጣ፤ ፊትሽ የረጋ ጭቃ ይመስላል። የዱባዩ ግን፣ እታለሜ፣ አንቺን አወጣሽ። ጥቁረትሽ ከነወዙ፣ ጠባሳሽ ከነቦታዋ፣ ሳቅ ስትይዢ የምታደርጊው ከንፈርሽ ሳይቀር። ከጀርመኑ ጋር አንድ ይሁን አይሁን ግን ልነግርሽ አልችልም። እሱን ፀሐይ በላው።

ፎቶውን ይዤ እማዬ ጋ ሮጥኩ። «ለሙት ዓመቷ ይሄ ይቁም» አልኳት። ገና ሳታየው «አይሆንም» አለች። ያኔ ፎቶ ቤቱን መስደብ ጀመርኩ፤ እህቴን አሻንጉሊት አደረጓት፣ ነውረኞች ናቸው ስል እማዬ «እኔ ነኝ» አለች። «ቀላ አድርጉልኝ ያልኳቸው እኔ ነኝ።»

ለአፍታ እሷንም ተጸየፍኳት። አልዋሽሽም።

ከዚያ ቀስ ብላ ነገረችኝ። በመጨረሻው ወር የኩላሊት ሕመምሽ ፊትሽን አመድ አስመስሎት ነበር። እሷ ናት በፎጣ የምታብስሽ። ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር የሚመጣባት ያ ፊት ነው። «እሱን እንዳላይ ብዬ ነው ልጄ፤ የፈለገውን ቀለም ይቀቡት፣ ብቻ እሱን እንዳላይ።»

 ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ትቼላት ተቀመጥኩ። ቆይታ አነሳችው።

«ይቺ መቼ ናት?»

«ሳትታመም። እኔ ነኝ ያነሳኋት።»

በጣቷ ጉንጭሽን ዳበሰች። «ይቺን ጠባሳ እኮ ያመጣችው ዓለም ገና ላይ ባጃጅ ሳይቆም ዘላ ነው፤ የማትሰማ!» አለችና ሳቀች። ከሄድሽ ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያኔ ብቻ ነው። ፎቶውን ግን ግድግዳው ላይ አልሰቀለችውም፤ ይዛው ወደ ጓዳ ገባች።

ነገ ጋሽ ታደሰ ስለ ሙት ዓመትሽ ሊመክሩ ዘመዱን ሰብስበው ይመጣሉ። የነጣውን ፎቶ አስተልቀው በር ላይ ሊያቆሙት አስበዋል። እማዬ ከእኔ ጋር ትቁም አትቁም ገና አላወቅኩም። እኔ ግን ተነስቼ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይቺ እህቴ አይደለችም» እላቸዋለሁ። ባለጌ ይሉኝ ይሆናል። ቃል የምገባልሽ ይህንን ነው፤ እንደነበርሽ አድርጌ አስታውስሻለሁ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ጮክ ብዬ።

ወንድምሽ ናሆም