ከሃያ ስምንት ሃያ ስምንተኛ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 5፣ 2009

ዝናብ። ባሱ ዘገየ። ከኤግሊንተን ዌስት እስከ ኮሌጁ አንድ ሰዓት ከሩብ፣ ያውም ቆሜ።

ክፍል ውስጥ ከእኔ በቀር ሁሉም ልጆች ናቸው። ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት ዓመት። እኔ አርባ ሁለት። ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ "ዩ አር ሶ ብሬቭ" አለችኝ። ምን አድርጌ? ጦር ሜዳ የዘመትኩ ይመስል!

አሳይመንት ሰጡን፣ ሁለት ገጽ። አስተማሪ መሆን ለምን ፈለግሽ? ምን ማሻሻል አለብሽ? የማስተማር ፍልስፍናሽ ምንድን ነው?... ወይ ፍልስፍና! ወልዲያ ላይ አስራ አራት ዓመት ሙሉ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ሳስተምር ፍልስፍናዬን የጠየቀኝ ሰው የለም። ሰባ ሁለት ተማሪ በአንድ ክፍል፣ ሦስት ቦታ የተሰበረ ጠመኔ፣ በቃ። አሁን ደግሞ "ለምን መሆን ትፈልጊያለሽ?" ሆኜ የመጣሁትን!

ዋለልኝ ከሥራ ሲገባ አነበብኩለት። "ልጆች በጣም ስለምወድ ብለሽ ጻፊና ገላግይን" አለኝ። ባሌ እንዲህ ነው። ዌርሃውስ ገብቶ ፎርክሊፍት መንዳት ከጀመረ ወዲህ ሁሉም ነገር አንስቶ ማስቀመጥ ይመስለዋል።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 6

"ልጆች በጣም ስለምወድ" ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝኩት። የምወደው ጠንክረው የሚሠሩትን ነው።

እሑድ፣ ኦክቶበር 11

እውነቱን እዚህ ልጻፈው፤ ለእነሱ አይሆንም።

አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ሰኔ ሠላሳ፣ ካርድ የሚሰጥበት ቀን። ወላጅ ሁሉ ሜዳው ላይ ተሰብስቧል። "አንደኛ የወጣችው..." ተባለና የእኔ ስም ተጠራ። አባቴ ወንድሞቼን እንጂ እኔን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም ነበር። "አንቺ ልጅ" ነው የሚለኝ። ያን ቀን ጋቢውን አስተካክሎ ብድግ ሲል አየሁት። "ውብአለም የኔ ልጅ ናት" አለ፣ ጮክ ብሎ። አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ሸለሙኝ። ሰው የሆንኩት ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ የምመኘው አንድ ነገር ነበር፣ ያንን ስም የሚጠራው ሰው መሆን። ሌላ ምን ምክንያት አለኝ?

ለኮሌጁ ግን "ልጆች በጣም ስለምወድ" ብዬ አስገባሁ። ኤጭ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 19

ልምምድ ጀመርኩ። ትምህርት ቤቱ ክሬሰንት ታውን አጠገብ ነው። ሰባተኛ ክፍል፣ ሃያ ስምንት ልጅ። የክፍሉ አስተማሪ ሚስስ ካርሰን ትባላለች፤ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ፈገግ ያለች። አልፋለች ወይም ወድቃለች ብላ የምትፈርመው እሷ ናት። ያለ እሷ ፊርማ የማስተማሪያ ላይሰንስ የለም። ላይሰንስ ከሌለ ደግሞ ተመልሼ ዳንፎርዝ መንገድ ሱቅ ውስጥ ካሽ ሬጅስተር መምታት ነው።

ስገባ የቆመልኝ ልጅ የለም። አንዱ እንዲያውም እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሏል። ሦስት አራተኛ ሲደመር አንድ ሁለተኛ ስንት ነው ብላ ጠየቀች ሚስስ ካርሰን። አንዱ "አራት ስድስተኛ!" አለ። "ዋው፣ ደስ የሚል ሐሳብ ነው!" አለችው። ኧረ ምኑ ነው ደስ የሚለው? ስህተት እኮ ነው!

ማታ የሰጠችኝን ማስታወሻ አየሁት። "ሞቅ በይ። ፈገግ በይ።" ፈገግታ ክፍልፋይ ያስተምራል እንዴ?

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 28

የኛ ልጅ አገኘሁ። ሀሊማ ኢድሪስ። መጨረሻው ረድፍ፣ መስኮቱ ጋ ነው የምትቀመጠው። ስሟን ሳይ ጠረጠርኩ። "የማን ልጅ ነሽ?" ብዬ በአማርኛ ስጠይቃት ደነገጠች። አባቷ የደሴ ሰው ናቸው። አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን እንግሊዝኛ ነው። "አይ ዶንት ጌት ፍራክሽንስ፣ ሚስ።"

"ሀበሻ ሆነሽ ክፍልፋይ ያቅትሻል?" አልኳት። እኔ ለጨዋታ ነው። አልሳቀችም።

ቆንጆ ልጅ ናት፣ ጨዋ። ማንም ስላልቆነጠጣት ነው የምታንቀላፋው። እዚህ አገር ልጅ ሲወድቅ ያጨበጭቡለታል። ትንሽ ብታፍር ትበረታ ነበር... እኔም እንዲያ ነው የበረታሁት።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 5

ደስ ብሎኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ብሎኝ ከክፍል ወጣሁ።

የክፍልፋዩን ፈተና ትናንት አርሜ ጨርሼ ነበር። ሚስስ ካርሰን ኦፊስ ተጠራችና "ወረቀቱን አንቺ መልሺላቸው" ብላኝ ወጣች። እንደ ወልዲያ አደረግሁት። ከአንደኛ እስከ ሃያ ስምንተኛ ደረጃቸውን ሠርቼ ነበር። ስሙን የጠራሁት እየተነሳ መጥቶ ይቀበላል። አንደኛ የወጣው ያ ዝምተኛው የባንግላዴሽ ልጅ ነው፣ ዘጠና ስድስት። ጆሮው ድረስ ቀላ። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት አስጨበጨብኩላቸው። ከዚያ አራተኛ፣ አምስተኛ... እያልኩ እስከ መጨረሻው።

"ሃያ ስምንተኛ፣ ሀሊማ ኢድሪስ። ሃያ ሁለት።"

መጣች። ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ፤ ቤቷ ያስተማሯትን አልረሳችም። "በርቺ፣ ገና ብዙ ጊዜ አለ" አልኳት በአማርኛ።

ክፍሉ እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ትንፋሽ አይሰማም። በመጨረሻ ክፍሉ ክፍል መሰለ።

አርብ፣ ኖቬምበር 6

ጉድ ሆንኩ።

ጠዋት ስገባ ሚስስ ካርሰን ፈገግ አላለችም። በሩን ዘጋች። ሦስት ወላጆች ደውለዋል። "ውጤት የግል ነው። የልጁና የወላጁ ነው። ደግሞ ሰባተኛ ክፍል ውስጥ አንደኛና መጨረሻ የሚባል ነገር ከየት አመጣሽ?" "እኛ አገር..." አልኩ። "እዚህ ነው ያለሽው" አለችኝ። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሀሊማ አልመጣችም። ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ ልጆቹ "ትዌንቲ ኤይት፣ ትዌንቲ ኤይት" እያሉ ተከትለዋት ኖሯል። ሽንት ቤት ገብታ በሩን ቆልፋ እስከ መውጫ ድረስ አልወጣችም። ማንም አልነገረኝም። እኔ ደስ ብሎኝ ባስ ላይ ስዘፍን ነበር።

እስከሚቀጥለው ሐሙስ እንዳላስተምር ተከለከልኩ። ኋላ ተቀምጬ ማየት ብቻ። ሐሙስ ስብሰባ አለ፣ የኮሌጁ ሰው ይመጣል። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች... እኔን ነው!

ሰኞ፣ ኖቬምበር 9

ሀሊማ ዛሬም ክፍል አልገባችም። ስወጣ በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ቢጤ ቆመዋል፣ እሷ ከኋላቸው። የጃኬቷን ሁድ እስከ ዓይኗ ስባዋለች። አባቷ ናቸው። ሰው ፊት ሊሰድቡኝ ነው አልኩ።

ኮፍያቸውን አወለቁ። ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ።

"ቲቸር፣ እርስዎን አላህ ነው የላከልን።"

"እንዴት?"

"እዚህ አገር እውነት የሚነግረን አጥተን እኮ ነው! በየካርዱ 'ደስተኛ ልጅ ናት፣ ከጓደኞቿ ትስማማለች' ይሉናል። እኔ ትስማማ ብዬ ነው እንዴ የላክኋት? እርስዎ ቁርጡን ነገሩን። ከሃያ ስምንት ሃያ ስምንተኛ! ስልኳን ወሰድኩ። ዋና የምትሄደውን አስቀረሁ። ለአጎቶቿም ለአክስቶቿም እየደወልኩ ነገርኩ፣ አፍራ እንድታጠና።"

ሀሊማ መሬት መሬት ታያለች።

"ሰዎች ሊከሱዎት ነው ሲባል ሰማሁ" አሉ፣ ከኪሳቸው ፖስታ እያወጡ። "እኔ መስክሬልዎታለሁ። ከዓይኗ በቀር የእርስዎ ናት፣ እንዳሻዎት ያድርጓት።"

እናቴ ለአስተማሪዬ ያለችው ይህንኑ ነው። አመስግኜ ተቀበልኩ።

ባስ ላይ ከፈትኩት። በእርሳስ የተጻፈ እንግሊዝኛ። "የሀሊማ አባት ነኝ። ሚስ ውብአለም ጥሩ አስተማሪ ናቸው። ልጄ መጨረሻ የወጣችው ሰነፍ ስለሆነች ነው። ስሟን መጥራታቸው ልክ ነው።" ከሥር የአባትየው ፊርማ በእስክሪብቶ።

እጁ የማን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም። ክብ ክብ ፊደል፣ 'አይ' የምትባለው ፊደል ላይ በነጥብ ፈንታ ትንሽ ቀለበት። ሁለት ሳምንት ሙሉ በቀይ ሳርመው የከረምኩት ጽሑፍ ነው። ሰውየው እንግሊዝኛ አይጽፉም። እሷን አስቀምጠው ነው ያጻፏት። ሰነፍ ነኝ ብላ በገዛ እጇ...

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 10

ዋለልኝ፣ "ስጪያቸው እንጂ! ምን ታስቢያለሽ?"

"የልጅቷ ጽሑፍ ነው።"

"ፊርማው የአባቷ አይደለም? ሦስት ዓመት ትራንስክሪፕት ስንለምን፣ ስናስተረጉም፣ ስንላላክ ኖረን ለአንዲት ቁራጭ ወረቀት ብለሽ ልታበላሺው? ምን ታካብጃለሽ?"

ልክ ነው። ደግሞስ ሰውየው ምን ውሸት ተናገሩ? ሃያ ሁለት አላመጣችም? ፈተናውን እኔ ነኝ የጻፍኩላት? ሚስስ ካርሰን በ"ዋው" ያሳደገቻትን ልጅ እኔ ሁለት ሳምንት አይቻት ነው ጥፋተኛ የምባለው?

እንዲህ እያልኩ ዋልኩ። ወረቀቱን ግን ድጋሚ ማንበብ አልቻልኩም።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 12

ሰጠኋቸው። ይኸው፣ ጻፍኩት።

የኮሌጁ ሰውዬ አነበበና ፊቱ ፈታ አለ። "ይህማ ይረዳል" አለ፣ ለሚስስ ካርሰን አቀበላት። አነበበች። ቀና ብላ አየችኝ።

"ይህ የሀሊማ ጽሑፍ ነው።"

ጣቷን ከቀለበቶቹ አንዱ ላይ አሳረፈች።

"ታውቂ ነበር?"

አላውቅም ማለት እችል ነበር። ምላሴ ላይ ደርሷል። "አዎ" አልኩ። መልካምነት አይደለም፣ እኔ የሚዋሽ ልጅ በማይበት ዓይን ስታየኝ መዋሸት አቃተኝ።

ወረቀቱን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋችው። አልተቆጣችም። ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም።

አርብ፣ ኖቬምበር 20

ወደቅሁ። ደብዳቤው መጣ። ፌብሩወሪ ላይ ሌላ ትምህርት ቤት ልድገም፣ የመጨረሻ ዕድል።

ዋለልኝ መጀመሪያ እነሱን ሰደበ፣ ቀጥሎ እኔን። "አላውቅም ብትያቸው ምን ነበር?" ከዚያ እራት ሳይበላ ተኛ። በአስራ ስድስት ዓመት ትዳር ወድቄ አይቶኝ አያውቅም። እኔም ራሴን አይቼ አላውቅ።

ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ዋለ። ያን ሰኔ ሠላሳ፣ ከስልሳ አንድ ልጅ አንደኛ እኔ ነኝ። ስልሳ አንደኛውስ ማን ነበር? ሳስብ ሳስብ መጣልኝ። እሸቱ። ጥርሱ ፍንጭት። እናቱ ጠላ ይሸጣሉ። "ስልሳ አንድ" ነበር የምንለው። እኔም ብየዋለሁ፤ እንዲያውም ከሁሉም በላይ የምለው እኔ ነበርኩ፣ አንደኛ ስለነበርኩ ማን ይከለክለኛል? መስከረም ላይ አልተመለሰም። የት ሄደ ብዬ አልጠየቅሁም። አስራ አራት ዓመት ሙሉ ስንት እሸቱ ጠርቼ አስቀምጫለሁ? ሰባ ሁለተኛ፣ ሰባ አንደኛ... የአንዳቸውም መልክ አይታወሰኝም። የአንደኞቹን ግን እስከ አያት ስማቸው አውቃለሁ።

ምን ማሻሻል አለብሽ ብለው ዛሬ ቢጠይቁኝ ሁለት ገጽ አይበቃኝም።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 28

ክሬሰንት ታውን ሄድኩ። አስራ ሰባተኛ ፎቅ።

እንደ ትልቅ እንግዳ ተቀበሉኝ። ሶፋው ላይ አስቀመጡኝ፣ ሳምቡሳ መጣ፣ ሻይ መጣ። ሀሊማ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ሳልጎርስ ልናገር ብዬ ጀመርኩ።

"ጋሽ ኢድሪስ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጅቷ አልሰነፈችም። አልገባኝም ስትለኝ ቀለድኩባት። ከዚያ ሰው ፊት አዋረድኳት። ይቅርታ ልጠይቃት ነው የመጣሁት።"

"ማንን?"

"ሀሊማን።"

ሳቁ መጀመሪያ። ከዚያ አለመቀለዴን አዩ። "አስተማሪ ለልጅ? እነዚህ ፈረንጆች አስፈራርተውዎት ነው?"

"አይደለም። ጥለውኛል፣ አልቋል። በራሴ ነው የመጣሁት።"

"እኔ አክብሬዎት ፈረምኩ። ለዘመድ ሁሉ፣ 'እንደ አገራችን ያለች አስተማሪ አገኘን' ብዬ አውርቻለሁ። አሁን በልጄ ፊት እኔን ውሸታም ሊያደርጉኝ ነው?"

ሰውየው እውነታቸውን ነው። ያን እውነት ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ። ወደ በሩ ዞርኩ። "ይቅርታ ሀሊማ" አልኳት። "ስምሽን እንደዚያ መጥራት አልነበረብኝም።" አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ከእኔ ለሚያንስ ሰው ይህን ቃል ብዬው አላውቅም። አባቷን አየች።

ሳምቡሳውን የነካው የለም። ተነሳሁ። ጋሽ ኢድሪስ ከተቀመጡበት አልተነሱም፣ እስከ በር እንኳ አልሸኙኝም። እናትየዋ ብቻ "ደህና ይግቡ" አሉኝ፣ ቀስ ብለው።

ኮሪደሩ መጨረሻ ስደርስ ከኋላዬ ሩጫ ሰማሁ። ሀሊማ ናት፣ በካልሲ። ጃንጥላዬን ረስቼው ኖሯል። በሁለት እጇ ሰጠችኝ።

"አባዬ..." አለች በአማርኛ፣ ቃሉን እየፈለገች። "አባዬ አሁን፣ እሷ እውነተኛ ቲቸር አይደለችም ይላል።"

"ልክ ነው" አልኳት። "ገና ነኝ።"

የሊፍቱን በተን ተጫነችልኝና እስኪመጣ ድረስ አብራኝ ቆመች።