ቅጠሉን የቀላቀልኩት እኔ ነኝ

ውድ ባለቤቴ ዘይነባ፣

አላህ ይዘንልሽ። ከተለየሽኝ አራተኛው ክረምት ገብቷል። የሮቤው ቤታችን ጣሪያ ታድሷል፤ ልጃችን ሰዓዳም ጎባ ተዛውራ ታስተምራለች። ለምርምርሽ የለቀምሽውን ቅጠል በመካከላቸው አድርገሽ ትጫኚባቸው የነበሩትን ሁለት ሳንቃዎች ግን ከሳሎን እንዲነሱ አልፈቀድኩም። «አባዬ፣ እንግዳ ይሰናከልባቸዋል» ትለኛለች። ይሰናከል!

የምጽፍልሽ ስለዚያ የሐረና ዛፍ ነው። የዕፅዋት ሊቃውንቱ እርሱን ከሚመስለው ከሌላው ዛፍ ጋር አንድ ነው ሲሉ፣ ጫካው ውስጥ ቀፎ የሚሰቅሉት ሰዎች ግን ለየብቻ ናቸው ይሉሽ ነበር። ሰው ቢሳሳት ንብ አትሳሳትም ብለሽ እነርሱን አመንሽ። ለሊቃውንቱ የላክሽው ናሙና የአንዱ ዛፍ አበባ ከሌላው ቅጠል ጋር ተቀላቅሎበታል ተብሎ ሲመለስ አንገትሽን ደፋሽ። «ጥንቃቄ የጎደላት» የሚለው ቃል እስከ መጨረሻው ተከተለሽ።

አልቀላቀልሽም። ጋዜጣ ለማንበብ ቸኩዬ፣ በገጾቹ መካከል ያደረቅሽውን አበባና ቅጠል ጠረጴዛ ላይ የዘረገፍኩት እኔ ነኝ። ኮቴሽን ስሰማ እንደመሰለኝ መለስኩት። ናሙናው ሲመለስም ምክንያቱን አውቄ ዝም አልኩ። የአደባባይ ሰው ነበርኩና ማፈርን ፈራሁ።

ባለፈው ሳምንት ተመራማሪዎች ሮቤ መጥተው ጉባኤ አድርገው ነበር። አምና የወሰዱትን አዲስ ናሙና ሲመረምሩት፣ ዛፉ ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኖ ተገኝቷል። የጉባኤው ሰብሳቢ ለደኑ የደከሙ ናቸው ብሎ በእኔ ስም እንዲጠራ ሐሳብ አቀረበ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ሞቀ። ከሐረና የመጡ አንድ ሽማግሌ ብቻ «ኦቦ፣ ለመሆኑ አንድ ቀን ቀፎ ሰቅለህበታል?» ብለው አሳቁብኝ።

ተነሥቼ እምቢ አልኩ። ስሙ ቀፎ ሰቃዮቹ እንደሚጠሩት «ደማ» ይሁን፣ ማር ማለት ነው፣ ብዬ ተከራከርኩ። ጥፋቴንም በዚያው ጉባኤ ፊት ተናገርኩ። ሰብሳቢው በጆሮዬ፣ ይህ በቃለ ጉባኤው ባይሰፍር ለክብርዎ ይበጃል አለኝ። ይስፈር አልኩት፤ ሰፈረ፤ ፈረምኩበት።

ስሙ ገና አልጸደቀም። በአሮጌው ናሙናሽ ላይ የተጻፈው ነቀፋም አልታረመም። እስኪታረም ድረስ በየቢሮው እመላለሳለሁ፤ ሽማግሌ ነው ብለው ወንበር ቢያቀርቡልኝም አልቀመጥም። ሞት አንቺን ወሰደ፤ «ጥንቃቄ የጎደላት» የሚለው ቃል ግን በስምሽ ላይ ተለጥፎ እንዲቀር አልፈቅድም። በሕይወት እስካለሁ በደረስኩበት ሁሉ ጥንቁቋ ዘይነባ ብዬ አነሣሻለሁ፤ የሚከራከረኝ ካለም ይምጣ።

ባለቤትሽ