ዳልቻ ከዳልቻ

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለአዶኒያስ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንዴት ነው? እናታችንስ ወገቧን ተሻላት? አራሷ ሚስትህ እምነትስ ጠናች? እኔ ከግንባሬ ስፌት በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ብደውል ብደውል አላነሳ ስላልከኝ ነው የጻፍኩልህ። መሠረት ቡዳ ናት የሚለው ወሬ ቀድሞኝ እናንተ ዘንድ ደርሷል። እንግዲህ ከራሴ አፍ ስማው።

ከምኖርበት ከኦሮራ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ ያገራችን ሰው ብርሃነመስቀል አልፓካ ያረባል፤ አንገተ ረጅም፣ እንደ በግ የሚሸለት እንስሳ ነው። እኔ እመግባለሁ፣ ፋንድያ እጠርጋለሁ፣ የእንስሳት ሐኪሟ ስትመረምራቸው አንገታቸውን ይዤ አቆማለሁ። ሰውዬው የዳልቻ ጠጉር ተፈላጊ ነው ብሎ ዳልቻውን ወንድ ከዳልቻ ሴቶች ጋር ለቀቀ። አርግዘዋል ከተባሉት አንዳንዶቹ ተራ በተራ ባዶ ሆነው ተገኙ። ይሄኔ ዓይን ዓይናቸውን የምታየው መሠረት ናት አለ።

አንድ ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ እያየ ቡዳ ብሎ ሰደበኝና በእንስሳቱ መሳቢያ ገመድ ፊቴን ገረፈኝ። ዘለበቱ ግንባሬን ተረተረው። ደሜ ዓይኔ ውስጥ ሲገባ አካፋ አንስቼ እጁን ሰበርኩለት። አልጸጸትም! እንስሳቱ እየጮሁ ይራገጣሉ፣ እኛ ፋንድያው ላይ እንተናነቃለን። ሾፌሩ አሉላ ባይገላግለን አንዳችን እንሞት ነበር።

ሐኪሟ ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። ዳልቻነት ከአንድ ወላጅ ሲወረስ መልክ ነው፤ ከሁለቱም የወረሰው ፅንስ ግን አይጸናም፣ ከአራት አንዱ ማሕፀን ውስጥ ይቀራል፣ ጥቁሩን ወንድ ልቀቅ ብዬህ አልነበረም ወይ ብላ ጮኸችበት። ዘር ከልጓም ይስባል ሲባል አድጎ ይህን አልሰማም ማለቱ እልኸኝነት ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን አዛውንት ጋሽ ሃብተጽዮን ሽማግሌ ሆነው ታረቂው አሉኝ። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ፅንሶቹን የገደለው የኔው ምርጫ ነው» ይበል አልኩ። እጁ በጀሶ እንደታሰረ ይህንኑ ተናገረ። ተሳሳምን። ይሁን እንጂ አጠገቤ የነበረችው እናት የልጇን ፊት በነጠላዋ ስትከልል አየኋት። እጄ እንደገና አካፋ ፈለገ።

የሷን ችያለሁ፣ ባዕድ ናት። የናንተን ግን አልችልም።

የእናታችንን ጉልበት ሳምልኝ። እምነትን እንኳን ማርያም ማረችሽ በልልኝ። ለልጅህም ሰላምታ ልልክ ነበር፤ ስሙን አልነገራችሁኝም።

እህትህ መሠረት
ኦሪጅናል ኦሮራ ሰፈር፣ ኮሎራዶ፣ አሜሪካ
ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.