ሪሌው ኪሴ ውስጥ ነበር

ማክሰኞ፣ ግንቦት 9

ለዓይን ማረፊያዬ፣ ለልጄ፤

እንዴት ነሽ? ትንሿ ልጅሽስ ተሻላት? ሽፍታው ከአንገቷ ለቀቃት ወይስ አሁንም ሌሊት ያሳክካታል? እጠይቅሻለሁ እንጂ መልሱን እፈራዋለሁ። ለምን እንደምፈራው ወደ ታች ታገኚዋለሽ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ «ጆሮ» የምንለው ጓደኛዬ ነው፤ መኪናሽን እየነዳ ነው የሚመጣው። ኤሲው ይሠራል፤ ቀዝቃዛ ነፋስ ይሰጣል። ደስ ይበልሽና የቀረውን ተቀምጠሽ አንብቢው። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር፤ ድምፅሽን ስሰማ ግን ወኔ ከዳኝ። ባለፈው ስለ ጎረቤት ድመት ያን ሁሉ ያወራሁሽ ወድጄ አልነበረም።

ልጄ፣ ሁለት ወር ሙሉ «የኤሲው ኮምፕሬሰር ሞቷል፣ ዕቃው ታዟል» ያልኩሽ ውሸት ነው። አንቺ መኪናውን እንድሠራልሽ ትተሽልኝ፣ ትንሿን ታቅፈሽ በአውቶቡስ በሄድሽ ማግስት ነው ችግሩን ያገኘሁት። ጋዙ ሙሉ ነው፣ ፊውዙ ደህና ነው፣ ኤሌክትሪኩም እስከ ኮምፕሬሰሩ ድረስ ይደርሳል። ቺንጋ የሚያዞረው ፑሌጃ ይዞራል፤ እሱን ይዞ ኮምፕሬሰሩን ማዞር ያለበት ክላች ግን አጠገቡ ቆሞ ያየዋል እንጂ አይዘውም። በእንጨት ገፋ ባደርገው ቀጭ ብሎ ያዘ። በዚያ ገባኝ፤ ክላቹ ተበልቶ ክፍተቱ ሰፍቶበት ኖሯል። ፈትቼ አንዲት ቀጭን ሮንዴላ ከውስጡ ባወጣ ክፍተቱ ጠበበና በራሱ ይይዝ ጀመር። ነፋሱ እጄን እስኪያደነዝዘው ቀዘቀዘ። ብቻዬን ሳቅኩ።

ወዲያው ደወልኩልሽ። ገና አፌን ሳልከፍት አንቺ ቀደምሽኝ፤ «አባዬ፣ ከተሠራ የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር በዚያ ስለሚያልፍ ይዞት ይመጣል። ካልተሠራ ግን እንደምንም ፈቃድ ለምኜ ራሴ መጥቼ አብረን መላ እንፈልጋለን» አልሽ።

«አልተሠራም» አልኩሽ።

እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም ልልሽ ነበር። አውቃለሁ እንጂ። እዚህ የሰነበታችሁ ጊዜ ትንሿ የመሣሪያ ሳጥኔን ገልብጣ ብሎኖቼን በየምንጣፉ ስር ስትደብቅ፣ አንቺ ከኩሽና ስትጮሂባት፣ ቤቱ ቤት መስሎ ነበር። ያ ይመለሳል ብዬ ነው። ከዚያ ሰው ቢያስነሳው እንዳያጋልጠኝ ብዬ ለኮምፕሬሰሩ ኤሌክትሪክ የሚለቅለትን ሪሌ ነቀልኩና ኪሴ ከተትኩት። ክብሪት የማታህል ጥቁር ዕቃ ናት። በዕድሜዬ የሰው መኪና አድኜ መልሼ ያሳመምኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ያውም የልጄን።

አንቺ ፈቃድ ተከለከልሽ። ትንሿን በዚያ ሙቀት በአውቶቡስ ማመላለስ ቀጠልሽ፤ ሙቀቱ ሽፍታ አወጣባት። አንድ ቀን መንገድ ላይ ራሷን ስታ ሆስፒታል እንደወሰድሻት እያለቀስሽ ስትነግሪኝ፣ እኔ ኪሴ ውስጥ ያቺን ሪሌ በጣቶቼ እያሻሸሁ «አይዞሽ» አልኩሽ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፈርኩ። አንቺ ደግሞ «አንተ አትጨነቅ አባዬ» ብለሽ አጽናናሽኝ።

ትናንት ጆሮ ሳይደውል መጣ። ሞተር ሰምቶ በሽታውን እንደሚናገር ታውቂያለሽ፤ ትናንት ግን እኔን ነበር የሚሰማው።

«እስቲ ቁልፉን ወዲህ በል» አለኝ።

«ምን ልታደርግ? አይቼዋለሁ እኮ።»

«አንተማ አይተኸዋል።»

ኮፈኑን ከፈተ። የሪሌዋ ቦታ ባዶ መሆኑን አየ። የክላክሱን ሪሌ ነቅሎ እዚያ ሰካው፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው። ሞተሩን አስነስቶ ኤሲውን ተጫነ። ቀጭ! ኮምፕሬሰሩ ያዘ።

«ሪሌዋ የት ገባች?» አለኝ። ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት።

መዳፉ ላይ አገላብጦ አያት። ከዚያ፣ «ልጅህ ደውላልኝ ነው የመጣሁት» አለኝ። «‹አባዬን ይህን ያህል ጊዜ መኪና አሸንፎት አያውቅም፤ ዓይኑ ደክሞበት ይሆናል። ቅር እንዳይለው ቀስ ብለህ እይልኝ› አለችኝ። አንተ ሰውዬ፣ ትንሽ አታፍርም?»

እኔ አንቺን እያታለልኩ አንቺ የእኔን ክብር ትጠብቂ ነበር። ከሁሉ ይህ አንገበገበኝ። ዓይኔ ደህና ነው ልጄ። ምነው ዓይኔ በሆነ ኖሮ።

አሁን ሁለቱም ሪሌዎች በየቦታቸው ናቸው፤ ክላክስሽም ይጮሃል። ኤሲውን ስትከፍቺ የመጀመሪያዋን «ቀጭ» የምትል ድምፅ አድምጪ። ካልሰማሽ ለጆሮ ንገሪው እንጂ ለእኔ አትደውዪ፤ እኔን ማመን እስክትችዪ ድረስ ማለቴ ነው።

ጆሮ «ጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነው፤ ግባና እንሂድ» ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩት። ትንሿን በየትኛው ፊቴ አያታለሁ? ደግሞም ባሳመምኳት መኪና፣ በቀዝቃዛው ነፋስ ተንደላቅቄ መምጣት አይገባኝም።

ፈጣሪ ትንሿን ይማርልኝ፤ አንቺንም ከልጅሽ ጋር ዕድሜ ይስጥሽ፤ የምትይዢው ሁሉ ይቅናሽ። ምሕረት ያደረግሽልኝ ቀን «ና» በዪኝ፤ ሌላ ቃል አልፈልግም። በአውቶቡስ እመጣለሁ፤ ፀሐይ በሚመታው በኩል ተቀምጬ።

አባትሽ