ከጫጩቷ ሆድ የወጣው ክዳን

ለምወድሽ እትዬ፤ በመካከላችን ያለው ባሕር የማያቀዘቅዘው ሰላምታዬ ይድረስሽ።

እኔ ብረት ነኝ። እርግዝናው ገፍቶ ሆዴ ጠረጴዛው ጋ ቀድሞኝ ቢደርስም፣ ለጥናት የሞቱ የባሕር ወፎችን ሆድ ከፍቶ ፕላስቲክ በመልቀም ዛሬም የሚስተካከለኝ የለም። ትናንት ከአንዲት ጫጩት ሆድ የጠርሙስ ክዳን አወጣሁ፤ እናቷ ምግብ መስሏት ያጎረሰቻት ነው። አለቃዬ፣ «ክዳኑስ ይታያል፤ የፕላስቲኩ ኬሚካል ግን ገና እንቁላል ውስጥ ሳለች ከእናቷ ይተላለፍባታል» አለኝ።

«ወፍ እኮ ናት!» ብዬ ሳቅኩበት።

ቤቴ ስገባ የወጥ ቤቱን ፕላስቲክ ሁሉ ጠራርጌ ጣልኩ። ባሌ «ምን ነካሽ?» ቢለኝ፣ «ጽዳት ነው» አልኩት።

በይ፣ ደህና ሰንብቺልኝ። ለነገሩ አንቺ ትልቋ ታስታውሻለሽ፤ እማዬ እኔን አርግዛ ከዚሁ ባሕር ዓሣ ትበላ ነበር፣ እኔም ይኸው ብረት ሆኜ ተወለድኩ፣ አይደል? አዎ ብለሽ ጻፊልኝ።

ብረቷ እህትሽ